«ባሌ የላከልኝ ፎቶ እንቅልፍ ነሳኝ!»

መቼም ለዚህ አምድ የሚደርሰኝ ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ጣጣ ነው። «ትታኝ ሄደች»፣ «የጓደኛዬን ወንድም ወደድኩት»፣ «እናቱ ዓይንሽን አልይ አለችኝ»… ለምጄዋለሁ። የዛሬ ወር ገደማ የደረሰኝ ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነው። አሳጥሬ እነሆ፡-

«ዕድሜዬ 26 ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እሱ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዳላስ ነው። ግሪን ካርድ አለው፤ ዜጋ ግን ገና አልሆነም። ሥራው ትራክ መንዳት ነው። የእኔን ፕሮሰስ ጀምሮልኝ እየጠበቅን ነው። ባለፈው መሣሪያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። ‹ሌሊት መንገድ ዳር አቁሜ ስተኛ ያስፈራኛል፣ ሽጉጥ ገዛሁ› አለኝ። እኔ ግን ሽጉጥ አልመሰለኝም። ክላሽ ነው የሚመስለው! ለታላቅ ወንድሜ ባሳየው ‹ይኼ እኮ ሰደፍ አለው። ሽጉጥ ከመቼ ወዲህ ነው ሰደፍ ያወጣው? ባልሽ እየዋሸሽ ነው› አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ባሌ ለምን ይዋሸኛል? ነገሩ ሕገወጥ ቢሆንስ? የእኔስ ቪዛ ምን ይሆናል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወንድምየው ልክ ነው እኮ! ሽጉጥ ምን ሰደፍ አለው? የገጠር አያት ያለው ሰው ሰደፍ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የእኔ አያት ምንሽር ነበራቸው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውልና ለበዓል ይወለወላል። የሰደፉ እንጨት ከትከሻቸው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከዕድሜ ብዛት ለስልሶ መስተዋት መስሎ ነበር። ጠመንጃን ጠመንጃ የሚያደርገው ያ ትከሻ ላይ የሚደገፈው የኋላ ክፍል ነው። «ታጣፊ ክላሽ» የምንለውም የሚታጠፈው ሰደፉ ነው እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

ልጅቷን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቀጠርኳትና ፎቶውን አሳየችኝ። ባልየው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ አጭር፣ ጥቁር፣ ካርታው ረዘም ያለ መሣሪያ አለ። ከኋላው የሆነ ነገር ወጥቷል፤ ግማሹን ግን ክርኑ ሸፍኖታል።

«ሰደፍ ነው አይደል?» አለችኝ፣ ማኪያቶዋን ሳትነካ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። ምን ልበል? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሕግ አልተማርኩም። ግን አንድ ሕግ የጨረሰ የሠፈሬ ልጅ አለ፤ እንግሊዝኛውም ይፈሳል። ሦስት ማታ ቁጭ ብለን የአሜሪካኖቹን ሕግ አገላበጥን። (ለሦስቱ ማታ ቡና ከፋዩ እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።) ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንድ መሣሪያ ጠመንጃ ነው ወይስ ሽጉጥ የሚባለው በመልኩ ወይም በጥይቱ ትልቅነት አይደለም። ከትከሻ ላይ ተደግፎ እንዲተኮስ ታስቦ የተሠራ ከሆነ ጠመንጃ ነው። በአንድ እጅ ተይዞ እንዲተኮስ ታስቦ የተሠራ ከሆነ ሽጉጥ ነው። ስለዚህ ያ ኤአር የሚባለው የታወቀ ጠመንጃ በርሜሉ አጭር ተደርጎ፣ ያለ ሰደፍ ከፋብሪካ ከወጣ በሕግ ፊት ስሙ ሽጉጥ ነው! ክላሽ ቢመስልም፣ የጠመንጃ ጥይት ቢጎርስም ሽጉጥ ነው።

ታዲያ እዚህ «ሽጉጥ» ላይ አንድ ተራ ሰደፍ ብትሰኩበትስ? በዚያው ቅጽበት ጠመንጃ ይሆናል። ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ የበርሜሉ ርዝመት ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ማነስ የለበትም። ጠቅላላ ርዝመቱም ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም። ካነሰ «አጭር በርሜል ጠመንጃ» ይባላል፤ አጭር በርሜል ጠመንጃ ደግሞ ከመትረየስና ከድምፅ ማፈኛ ጋር በአንድ መዝገብ የሚገባ ዕቃ ነው። ሳያስመዘግቡ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። የገንዘብ ቅጣቱ ለብቻው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ታሪኩ ወደ 1934 ይወስደናል። ጊዜው የማፊያ ዘመን ነው፤ ወሮበላው ቶምሰን የተባለውን መትረየስ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ባንክ የሚዘርፍበት። መንግሥት የሚያስፈሩትን መሣሪያዎች በሙሉ በመዝገብ ላስገባና 200 ዶላር ቀረጥ ልጣል አለ። በዚያን ጊዜ 200 ዶላር ማለት የመትረየሱ የራሱ ዋጋ ያህል ነው! በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ተራው ሽጉጥም ነበረበት። ሽጉጥ ከታገደ ግን ሰው ጠመንጃውን በመጋዝ ቆርጦ ሽጉጥ ሊያደርገው ነው፤ ስለዚህ አጭር ጠመንጃም አብሮ መግባት ነበረበት። በኋላ በጭቅጭቁ ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። አጭር ጠመንጃ ግን እዚያው ቀረ። በሩ ተነቅሎ ሄዶ ቁልፉ ግድግዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ዓይነት ነው። ይኸው ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ሰው ዛሬም በዚያ ቁልፍ ይታሰራል።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ከ2012 ወዲህ ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ወጥቷል። «ብሬስ» ይሉታል። አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ የሆነ የቀድሞ ወታደር ከባድ ሽጉጥ በአንድ እጁ መተኮስ ሲያቅተው አየና፣ ከመሣሪያው ኋላ ተሰክቶ በክንድ ላይ የሚጠመጠም ድጋፍ ሠራ። ላስቲክ ነገር ነው፤ ክንድ የሚገባበት ክፍተትና እንደ ቀበቶ የሚያስር ማሰሪያ አለው። ፈጣሪው ዕቃውን ለተቆጣጣሪው ቢሮ ልኮ «ይኼ ሰደፍ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቢሮውም «አይደለም» አለው።

የቢሮው ስም ራሱ ያስቃል፦ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ! በአጭሩ ኤቲኤፍ። የቡና ቤት ሌሊት ጣጣ ተጠቃሎ አንድ ቢሮ የገባ ይመስላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያ የክንድ ድጋፍ ትከሻም ላይ ያርፋል። ክንድ ላይ ከማሰር ይልቅ ትከሻ ላይ ደግፎ የሚተኩሰው ሰው በዛ። ቢሮው በ2015 መጀመሪያ ላይ «ትከሻችሁ ላይ ካደረጋችሁት መሣሪያውን እንደ አዲስ ሠራችሁት ማለት ነው» የሚል ደብዳቤ በተነ። አስቡት እስቲ! ዕቃው ምንም ሳይነካ ክንድ ላይ ሲሆን ሕጋዊ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ ሲል ወንጀል! በ2017 ደግሞ ቢሮው ያንኑ ቃሉን አለሳለሰው።

በመሀል ደም ፈሰሰ። በ2019 ኦሃዮ ውስጥ በዴይተን ከተማ ዘጠኝ ሰው፣ በ2021 ኮሎራዶ ውስጥ በቦልደር ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት አሥር ሰው ተገደለ። የሁለቱም ገዳዮች መሣሪያ ይኸው ብሬስ ያለው በሕግ «ሽጉጥ» የሚባለው ዓይነት ነበር። የሟቾቹን ቤተሰብ ሄዳችሁ «ዕቃው እኮ የአካል ጉዳተኛ መርጃ ነው» በሏቸው እስቲ… በጃንዋሪ 2023 ቢሮው አዲስ መመሪያ አወጣ፦ ብሬስ ያላቸው አብዛኞቹ አጭር በርሜል ጠመንጃ ናቸው፤ እስከ ሜይ 31 አስመዝግቡ፣ ቀረጡን ትተንላችኋል፤ አለበለዚያ ብሬሱን ንቀሉ ወይም መሣሪያውን አስረክቡ የሚል። በሕዝብ እጅ ያለው ብሬስ ስንት ነው ሲባል ቢሮው ራሱ ወደ 3 ሚሊዮን ገመተ። ለምክር ቤቱ የሚሠሩ አጥኚዎች ግን ከ10 እስከ 40 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል አሉ። ለማስመዝገብ ያመለከተው ሩብ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሕዝብ ዝም አለ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ገባ። በጁን 2024 ፎርት ዎርዝ ያለ የፌዴራል ዳኛ (ከባልየው ሰፈር የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም!) መመሪያውን ሻረው። መንግሥትም በጁላይ 2025 ይግባኙን ተወ። ስለዚህ ዛሬ ብሬስ ያለው መሣሪያ ገዝቶ የተገኘ ሰው በዚያ መመሪያ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይላችሁ፤ እኔንም አምታቶኛል። «ስቶክ ከላስቬጋሱ እልቂት በኋላ ታግዷል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ያ «በምፕ ስቶክ» የሚባል ሌላ ዕቃ ነው፤ ጠመንጃን እንደ መትረየስ የሚያንጣጣ። ከ2017ቱ እልቂት በኋላ በ2018 ታገደ፤ በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ እገዳውን ሻረው። ከእኛ ጉዳይ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም።

ልጅቷን ደወልኩላትና «ባልሽ አልዋሸሽም፤ እውነትም ሽጉጥ ሊሆን ይችላል» አልኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «ቆይ፣ ቆይ» አልኳት፤ «ከኋላው ያለው ብሬስ ነው ወይስ እውነተኛ ሰደፍ? ማሰሪያ እንዳለው ጠይቂው።» እሷ ግን «አንተው አናግረው፤ እኔ ምኑንም አላውቀው» ብላ ቅዳሜ ማታ አገናኘችን።

ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ። «ሚስቴ ለጋዜጣ ጻፈችብኝ?!» ስም እንደማይጠቀስ ምዬ ተገዝቼ አረጋጋሁት።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ከኋላው ያለው ነገር ክንድ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለው?»

«አለው፤ ብሬስ ነው» አለኝ። እፎይ አልኩ። ሰውየው ግን አልጨረሰም። «ግን ልቀይረው ነው። ይኼ ላስቲክ ይወዛወዛል፤ አይመችም። አንድ ጓደኛዬ ከጠመንጃው ላይ ነቅሎ እውነተኛውን ሰደፍ ሰጥቶኛል፤ እዚሁ መኪናው ውስጥ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቀረጡም ቀርቷል አሉ እኮ!»

ወገኖቼ፣ ደሜ ቀዘቀዘ። «ቀረጡ ቀርቷል» የሚለው ወሬ እኮ ከነእውነቱ ነው የሚያሳስተው። በጁላይ 2025 በወጣ ሕግ ያ የ1934ቱ 200 ዶላር ለአጭር በርሜል ጠመንጃ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ያው ሕግ ግን ምዝገባውን አላነሳም። ፎቶ፣ አሻራና ማመልከቻ ተልኮ ፈቃዱ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ሰደፉ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ሰክቶ በኋላ ማስመዝገብ አይቻልም። ነገሩን ወጥመድ የሚያደርገው ደግሞ ሰደፍ ብቻውን እንደ መነጽር የትም የሚገዛ ዕቃ መሆኑ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መታወቂያ አይጠየቅበትም። ብሬሱም ሰደፉም ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቱቦ ላይ ነው የሚሰኩት። መፍቻ እንኳ የማይፈልግበት ጊዜ አለ።

«እሺ ካልሰካሁትስ? ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ ምን አለበት?» አለኝ።

ይኼን የሠፈሬ ልጅ ቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። አንድ የመሣሪያ ፋብሪካ 10 ኢንች በርሜል ያለው ሽጉጥ፣ ከሱ ጋር ደግሞ ሰደፍና 21 ኢንች በርሜል በአንድ ላይ አድርጎ ይሸጥ ነበር። መንግሥት «ሰደፉን ከአጭሩ በርሜል ጋር መግጠም ስለሚቻል ሳይገጠምም አጭር ጠመንጃ ነው» አለ። ፋብሪካው 200 ዶላሩን ከፍሎ «መልሱልኝ» ብሎ ከሰሰ፤ በ200 ዶላር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት! ፋብሪካው አሸነፈ። ያሸነፈው ግን ዕቃዎቹ ሕጋዊ መጠቀሚያ ስለነበራቸው ነው፤ ሰደፉ ከረጅሙ በርሜል ጋር ሲገጠም ሕጋዊ ጠመንጃ ይወጣዋል። የእኛ ሰውዬ ግን ረጅም በርሜል የለውም። ሰደፉ ሊሰካበት የሚችለው ብቸኛ መሣሪያው ያ አጭሩ ነው። ዓቃቤ ሕግ «ይኼን ለምን ያዝከው?» ቢለው ምን ይመልሳል?

ይኼ ሁሉ ለአሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ ነገሩ እስርና ገንዘብ ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን ሌላ በር ይከፈታል። የኢሚግሬሽኑ ሕግ በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበትን የውጭ አገር ሰው ከአገር እንዲባረር የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ስንት ዓመት ኖረ አይልም። ፍርዱ አንድ ወር ይሁን አሥር ዓመት አይለይም። ሲዘረዝርም መግዛትን፣ መሸጥን፣ መያዝን ሁሉ ጠቅሶ «ክፍል ወይም ተቀጥላ» የሚሉ ቃላት ሳይቀሩ ገብተውበታል። ሰደፍ ብቻውን መያዝ ወንጀል ነው ማለቴ አይደለም፤ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ አጭር መሣሪያ ጋር ተገጥሞ ቢያዝና ቢፈረድበት፣ ሰውየው በሻንጣ ወደ ቦሌ፣ የሚስቱም ፋይል ወደ ቅርጫት ነው። የሚስትየው ፕሮሰስ የቆመው በእሱ ግሪን ካርድ ላይ ነዋ!

ይኼን ሁሉ ዘክዝኬ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ነው የቴክሳስን ሕግ የምትነግረኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። «እኔን አትመን» አልኩት፤ «የሚስትህን ፋይል የያዘውን ጠበቃ ሰኞ ጠዋት ደውለህ ጠይቀው። እስከዚያ ግን ያንን ሰደፍ አትንካው።»

ሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀው «ገጥመኸዋል?» ብሎ ነው። «አልገጠምኩም» ሲለው «ዛሬውኑ ከመኪናህ ውስጥ አውጣው» አለው። ቀጥሎ ደግሞ እኔም የሠፈሬ ልጅም ያላሰብነውን ጠየቀው፦ «በየትኞቹ ግዛቶች ነው የምትነዳው?»

ለካስ ሰውየው ካሊፎርኒያ ድረስ ይጭናል! ፌዴራሉ የፈቀደውን ግዛት ሊከለክል ይችላል። ዳላስ ላይ ሽጉጥ የተባለው ዕቃ ካሊፎርኒያ ወይም ኒው ጀርሲ ሲደርስ ሌላ ስም ወጥቶለት ሊያሳስር ይችላል። ተመዝግቦ አጭር በርሜል ጠመንጃ የሆነው ደግሞ ወደ ሌላ ግዛት ለመሻገር ከዚያው ከነአልኮልና ትምባሆ ቢሮ ቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሰውየው ይኼንን ሁሉ ወር ሰደፉን ሳይሰካም ቢሆን ችግሩን አዝሎ ነበር የሚዞረው። እኔም «ብሬስ ነው» ሲለኝ እፎይ ማለቴ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ሰደፉን ለጓደኛው መለሰለት። ጓደኛው ረጅም በርሜል ያለው ጠመንጃ አለው፤ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ ሰካው፤ ምንም የሚጠይቀው የለም። መሣሪያውን ራሱን ባልየው ዳላስ ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት ነው አሁን የሚወጣው።

ልጅቷን ባለፈው ሐሙስ እዚያው ካፌ አገኘኋት። አሁንስ ተኛሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን እተኛለሁ!» አለችኝ። «አሁን መኪናው ውስጥ ሲያድር የሁለቱን በሮች እጀታ በመቀመጫው ቀበቶ ጠፍሮ አስሮ ነው የሚተኛው። ትናንት ፎቶውን ላከልኝ።» ስልኳን አዞረችልኝ። እውነትም፣ ቀበቶው ከበር እስከ በር ተወጥሮ ይታያል።

«እሱ ደህና ይተኛል?» አልኳት።

«እሱማ ያንኮራፋል» አለችኝ።